ዝም ያሉትን አትድፉ

እህቴ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ደም የተለዩ ሴሎችን በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ስትንከባከብ ኖረች። እኔ በያጅ ነኝ፤ ቁጡም ነኝ፣ አልደብቅም። ታላቅ ወንድማችን ደግሞ ከእኔ ይብሳል። ሦስት ዓመት ተኮራርፈን ስንኖር አንድ ገበታ የምንቀርበው እሷ ቤት ብቻ ነበር። «በሞቴ፣ ታረቁልኝ» ትለናለች። እኛ እቴ!

የሥራዋን ነገር አንድ ቀን አስረዳችኝ። «ጀርም ሲገባ አንዳንዶቹ ሴሎች ሳይቶካይን የሚባል ነገር ይረጫሉ፤ ‹ድረሱ!› ማለታቸው ነው። ሌሎቹ ደግሞ የራሳቸውን መልእክት ልከው ‹በቃ፣ ቀንሱ› ይሏቸዋል» አለችኝ። ገና ጀማሪ ሳለች እነዚያን ‹ቀንሱ› ባዮች ዝም ብለው ስላየቻቸው «ምንም አይሠሩም» ብላ ደፍታቸው ነበር። በማግስቱ የቀሩት ሲለኩ ሳይቶካይኑ ከመለኪያው አለፈ። አለቃዋ ልክ ልኳን ነገራት። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ በር ላይ በእጇ ጽፋ ለጠፈች፦ «ዝም ያሉትን አትድፉ»። እኔማ «ሰነፍ ደሞዝ የሚበላው እናንተ ጋ ብቻ ነው» ብዬ ቀለድኩባት።

አምና ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሟ እኔንና ወንድሜን ኮሪደሩ ላይ ጠራችን።

«ጀርሙ ጠፍቷል። አሁን የሚጎዳት የራሷ መከላከያ ነው፤ አልበርድ ብሏል። የሚያበርድ መድኃኒት ሰጥተናታል፣ እንጠብቅ» አለችን።

ወንድሜ «ሌላ ሆስፒታል እንውሰዳት» አለ።

«መንገድ ላይ ልትገድላት ነው?» አልኩት።

ከዚያማ የሦስት ዓመቱን ሁሉ እዚያው ዘረገፍነው። ነርሷ ብቅ ብላ «እባካችሁ፣ ትሰማለች እኮ» አለችን።

ወደ ክፍሏ ገባን። አፏ ላይ ኦክስጅን ስላለ መናገር አትችልም። እጇን ከአንሶላው ትንሽ አነሳችና መዳፏን ወደ ታች አደረገች፤ ቤቷ ስንጯጯህ እንዲህ ነበር የምታደርገው። አፈርኩ፣ እግዜር ያውቃል አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን አረፈች፤ እኛም እንደተኳረፍን ቀበርናት።

ዕቃዋን ልንወስድ መሥሪያ ቤቷ ሄድን። ወረቀቱ አሁንም ሳጥኑ በር ላይ ነው፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ወንድሜ ሊልጠው እጁን ሰደደ።

«ተው! ለሥራቸው ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

ድሮ ቢሆን እጥፍ አድርጎ ይመልስልኝ ነበር። እኔም መልሱን ጠበቅኩ። እሱ ግን እንባው እየወረደ መዳፉን ወደ ታች አደረገ።

«በቃ፣ ወንድሜ» አለኝ።

«ወንድሜ» ብሎ ከጠራኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። ወረቀቱን እዚያው ትተን ካርቶኗን ለሁለት ይዘን ወጣን።