ገማች መስለውኝ

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ በመኖሪያ ቤቴ የፊት ክፍል ጨርቅ እሸጣለሁ። የእኛ የትንንሾቹ ነጋዴዎች ግብር የሚጣለው በግምት ነው። ገማቹ ምን አይቶ ምን እንደሚጽፍ ግን እስካሁን የገባው ሰው አላጋጠመኝም። ሕጉን በሚገባን አማርኛ ቢጽፉልን ኖሮ እኔም የገባ የወጣውን ሁሉ አልጠረጥርም ነበር።

ባለፈው ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ገቡ። ጨርቁን ትተው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ገበያ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ዝንብ እሽ ስል ነው የምውለው።»

«ቤቱ የራስዎ ነው?»

አሃ፣ መጡልህ! አልሁ በልቤ።

«የኪራይ ነው፤ እሱንም ልቀቅ ተብያለሁ» አልኋቸው፣ በገዛ ቤቴ ቆሜ።

«ልጅ አያግዝዎትም?»

ሠራተኛ ብለው ሊመዘግቡብኝ ነው!

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ እሷም እንኳን ሱቅ ልትጠብቅ የበላችበትን አታነሣም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላህ ያግዝዎ» ብለው ወጡ።

ተገላገልሁ ብዬ ሳልጨርስ፣ ልጄ ሐያት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ለልጃቸው ሊያጩኝ የመጡት ሰውዬ የት ሄዱ?»