አባቴ የለሰነው ግድግዳ

«የጭቃ ቤት እርጥብ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ወልድያ ውስጥ በብሎኬት ቤቱ የሚመካ ሁሉ ይህን ይለኛል፤ እኔም ዝም ብዬ አላልፈውም። ከወልድያ ዝቅ ብላ ባለችው መርሳ ያደግሁበት ቤት ጭቃ ነበር። ከኋላው የመስኖ ቦይ ያልፋል፣ ከፊቱ ማንጎና ብርቱካን ስለተተከለ ፀሐይ የሚገባው በጭላንጭል ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭጋጉ ሸለቆው ላይ ተኝቶ ይውላል። እንዲያም ሆኖ በልጅነቴ አንድ ቀን የሻገተ ልብስ ለብሼ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እርጥበት የገባብን ሲሚንቶ የገባ ጊዜ ነው።

ጳጉሜ ደርሳ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ በሰፈራችን የቤት ልቅለቃ ይጀመር ነበር። አስቀድሞ ጓሮ ጉድጓድ ይቆፈርና አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ተለውሶ እንዲቦካ ይተዋል። ሲቦካ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም የሆነ ግንባታ አጠገብ ሳልፍ ድንገት ይመጣብኛል። እኛ ልጆች ገብተን እንረግጠዋለን፣ እንዋደቅበታለን፣ እናቶቻችን ይቆጡናል። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ግድግዳውን በእጃቸው ይመርጋሉ፤ ጠፈፍ ሲል ደግሞ እበትና አመድ ለውሰው ይለቀልቁታል።

ነገሩ ወግ ነበረው። የቤቱ እመቤት የራሷን ቤት የፊት ግድግዳ አትነካም። የእኛን የሚለቀልቁት አጥር የምንጋራቸው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የእሳቸውን ደግሞ እናቴ ትለቀልቃለች። የእኛ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል፣ የእሳቸው ዓረፋ በዋለበት ወር። ጎረቤታችን ሲጨርሱ ራቅ ብለው እያዩ፣ «አንቺ እንዲህ ያለ ግድግዳ የሚገባሽ ሴት አልነበርሽም፤ ምን ላድርግ፣ እጄ ማበላሸት አያውቅበት» ይሏታል። እናቴም በተራዋ አትምራቸውም። የታጨች ልጅ የምትታወቀው፣ የተኳረፈም የሚታረቀው እዚያ ጭቃ ላይ ነበር። እጅ ጭቃ ሆኖ ኩርፊያ አይዘለቅም፤ «ውኃ አፍስሽልኝ» ማለት ይመጣላ።

አባቴ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነው። ዝምተኛ ነበር፤ እናቴን ግን ይወዳት ነበር። እንደሚወዳት በአፉ ሲናገር አልሰማሁም፤ ዕቃ ተሸክሞ ይመጣል እንጂ። አንድ ዓመት እናቴ ልቅለቃ ላይ ውላ ወገቧን ያዛትና አልጋ ላይ ሰነበተች። በጋ ላይ አባቴ በጋሪ ሲሚንቶና አሸዋ አስጭኖ መጣ። በግድግዳው ዙሪያ የዶሮ ሽቦ በምስማር መታበት፣ ግንበኛ ጠርቶ አብሮት ሠራ፣ በኋላ ግንበኛውን አሰናብቶ የመኝታ ቤቱን በኩል ብቻውን ጨረሰው። ሲጨርስ የግንበኛ ማንኪያ እንደያዘ እናቴን ከማጀት ጠራትና፣ «ከእንግዲህ እጅሽ ጭቃ አይነካም» አላት።

እንደዚያ ቀን ፊቱ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ሰፈርተኛው እየመጣ መረቀው፤ በእኛ መንደር የመጀመሪያው በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት የእኛ ነበራ። እናቴም ሳቀች፣ እጁን ስማ መረቀችው። ጎረቤታችን በዚያ ዓመት ጳጉሜ እንደ ልማዳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። የሚለቀለቅ ነገር ሲያጡ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እናቴ የእሳቸውን መለቅለቋን አልተወችም፤ እኛ ጓሮ ግን ጉድጓድ መቆፈሩ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ነው ጉዱ። ቤታችን ከውጭ ሲታይ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ። ክረምት በገባ ቁጥር የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከታች ወደ ላይ እየጠቆረ ይመጣል። ሳጥን ውስጥ ያለ ነጠላ ይሻግታል፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ይሟሟል፣ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው አልቦ ጠብ ጠብ ይልብናል። አባቴ ከሲሚንቶው በቀር የማይወቅሰው አልነበረም። ቦዩን ወቀሰ፣ ማንጎውን ወቀሰ፣ ቆርቆሮውን ወቀሰ። ግድግዳውን ከውስጥ ላስቲክ ወጠረበት፤ ከላስቲኩ ሥር ውኃ አቆረ። ላስቲኩን ገፎ የዘይት ቀለም ቀባው፤ ቀለሙ አብጦ ተላጠ። ብርዱን የሚያስገባው ነፋሱ ነው ብሎ ደግሞ በጣራውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ደፈነው። እናቴ በዚህ ሁሉ አንድ ቀን ስትነጫነጭ አልሰማኋትም። እሱ ካረፈ በኋላም ዝም እንዳለች ኖረች። ዝም ያላለው ሳሏ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ወልድያ ነው የሚኖረው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማዘዝ ይወዳል እንጂ። አምና ክረምት እናታችን ደረቷን አጥብቆ አመማትና ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን። እዚያም እንዲህ ባለ እርጥብ ክፍል መተኛቷን ካልተወች ሕመሙ እንደማይለቃት ነገሩን። ወንድሜ እዚያው ቆርጦ ተናገረ፤ በሚመጣው ክረምት ማብቂያ ቤቱን ደረቅ ሆኖ ካላገኘው እሷን ወልድያ ይወስዳታል፣ ቤቱም ይሸጣል። እናቴ በበኩሏ የማታውቀው ሰው ደጅ ቁጭ ብላ ባጃጅ ስትቆጥር መሞት እንደማትፈልግ ነገረችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አላት።

ግንቦት ላይ ወልድያ ያለውን የልብስ ስፌት ሱቄን ለባልንጀራዬ አደራ ብዬ መርሳ ወረድኩ። እናቴን ከዚያ ቤት መንቀል ሥሯን መንቀል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን ያ ቤት ሲሸጥ ማየት አልፈልግም። መጀመሪያ ቦዩን ከግድግዳው የሚያርቅ ሌላ መውረጃ አስቆፈርኩ። ቀጥሎ ጣራው ላይ አሸንዳ ሳስመታ፣ ከመዶሻው ንዝረት ይሁን ከዕድሜው፣ የመኝታ ቤቱ ማዕዘን ላይ የነበረው ሲሚንቶ ከነሽቦው ተገንጥሎ ወደቀ። ውስጡ የነበረው ጭቃ ዝናብ ሳይጥል፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ እንደ ቡኮ ለስልሶ ነበር። እንጨቱን ምስጥ በልቶታል፤ በጣቴ ስነካው ፈረሰ።

ጎረቤታችን በከዘራቸው ተደግፈው መጥተው አዩና፣ «ሱብሃነላህ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ከመሬቱ ወደ ግድግዳው የሚወጣው ውኃ ድሮም ነበረ። ጭቃው ክረምት የጠጣውን በጋ ላይ ይተነፍሰው ነበር፤ ሲሚንቶው ግን መውጫ አሳጣው። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው ተረት ለእኛ ቤት አይሠራም፤ ቤታችን ያን ሁሉ ዓመት ደርቆ አያውቅማ።

ሲሚንቶውን በሙሉ ላወርደው ተነሣሁ። እናቴ ከግድግዳው ፊት ቆመች። «አፈር ስሆን፣ እሱ የለሰነውን አትንኪብኝ» አለችኝ። ለመንኳት፣ አስረዳኋት፣ መጨረሻ ላይ ጮህኩባት። ሐምሌ ከገባ ጭቃ እንደማይደርቅ፣ ወንድሜም መምጣቱ እንደማይቀር እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ቤቱን ካዳንኩላት የባሏን እጅ ሥራ ላፈርስባት ነው፣ ልተውላት ካልኩም ቤቱን ልታጣ ነው። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይብሳል። ቢሆንም ጭቃውን በዚያው ሳምንት አስቦካሁ፤ እልኸኛ ነኝ።

ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ እየቦካ፣ እናቴም እንዳኮረፈች ሰኔ ደረሰ። አንድ ቀን ወንድሜ ስልክ ደወለላት። የሚያወራው እስከ ሳሎን ድረስ ይሰማኝ ነበር። ክፍሏ እንደተዘጋጀ፣ አዲስ አልጋም እንደተገዛላት ነገራት። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላው ስልኩን አስቀመጠች። በማግስቱ ጠዋት ቦዩ ዳር ሆኜ ድም ድም የሚል ነገር ሰማሁና ሮጥኩ። እናቴ ዘነዘና ይዛ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ትወቅጠዋለች። ስታየኝ፣ «ልስኑ እኔን ከሚያስወጣኝ እኔ እሱን ላስወጣው» አለችና ቀጠለች። ዘነዘናውን ልቀበላት ብል እንቢ አለች። የወደቀውን ቁራጭ ሁሉ እያነሣች፣ በመዳፏ እየጠረገች ማንጎው ሥር ከመረችው። እሱን ላስጥል ብልማ አልኖርም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን ደስ ይለኛል። የቀረው ሲሚንቶ ወረደ፣ የበሰበሰው እንጨት ተቀየረ፣ የግድግዳው እግር በድንጋይ ተካበ፣ የጣራው ክፈፍ ዝናቡን አርቆ እንዲጥል ረዘመ። አባቴ የደፈነው የነፋስ መግቢያ ተከፈተ፤ ቆርቆሮው እንዳያልብብን ደግሞ ከሥሩ ወፍራም ሰሌን ወጠርንበት። የመምረጉ ቀን የሰፈሩ ሴቶች ጭቃ ረግጠው የማያውቁ ልጆቻቸውን ሁሉ ይዘው መጡ። ልጆቹ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ያዙ፤ ኋላ የሚያወጣቸው ጠፋ። ጎረቤታችን በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ትእዛዝ ይሰጡን ነበር። የፊት ግድግዳው ተራ ሲደርስ ግን ማንም እንዳይነካው አሉ። ተንበርክከው እጃቸው የደረሰበትን ያህል መረጉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ምራታቸው ጨረሰችላቸው። ሲነሱ እናቴን፣ «አሁንም ይህ ግድግዳ አይገባሽም» አሏት። ሁለቱም ሳቁ፤ እናቴ ስትስቅ ሳል ያቋርጣት ነበር።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡም እንደ ወትሮው አልማረንም። እኔ በሱቄና በመርሳ መካከል እየተመላለስኩ፣ በመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው መዳፌን ግድግዳው ላይ ማሳረፍ ነበር። ቀዝቀዝ ይላል፣ አይረጥብም። የእናቴም ሳል እየራቀ መጣ። ይሁን እንጂ ወንድሜ በዓይኑ ሳያይ አምኖ እንደማይቀበል ስለማውቅ ልቤ አላረፈም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ዕቃዋን የሚጭንበት ፒክአፕ ይዞ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶን በቀጥታ መኝታ ቤት ገባ። ሳጥኑን ከፍቶ ነጠላዋን አሸተተ። አልጋውን ከግድግዳው ስቦ ከኋላው ያለውን ከታች እስከ ላይ ዳበሰው፤ ቀጥሎ ጉንጩን አስጠጋበት። እኔና እናቴ በሩ ላይ ቆመን እናየዋለን። በመጨረሻ አልጋው ላይ ቁጭ አለና መድረቁን አመነ፤ ቤቱም አይሸጥም፣ እሷም አትሄድም አለ። እፎይ ሳልል ግን ቀና ብሎ እናቴን አያትና፣ «አባዬ ግን ሳያውቅ ይህን ሁሉ ዘመን በእርጥበት አስተኛሽ» አላት።

«እሱ ከሲሚንቶው መሆኑን አላወቀም። እኔ ግን በመጀመሪያው ክረምት ነው ያወቅሁት» አለች እናቴ። «ተኝቼ ግድግዳውን ብዳብሰው እጄ ረጠበ። ያን ያህል ደስ ብሎት የሠራውን ሰው፣ ቤቱን አበላሸኸው ልበለው? ሌባ ቢመጣ ቶሎ ትሰማለህ፣ አንተ በበሩ በኩል ተኛ አልኩትና እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እርጥቡ ሳይነካው ሞተ።»

ወንድሜ ተነሥቶ አልጋውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ቦታው መለሰው። ከዚያ ጉልበቷን ስሞ ፒክአፑን ባዶውን ይዞ ወደ ወልድያ ተመለሰ።