ሁለት ጊዜ ዝም ያለችው ልጅ

ልጅ ሳለሁ ተረት ያጠገበችኝ አያቴ አይደለችም። አያቴን አልደረስኩባትም። እናቴም ተረት የሚባል ነገር አይሆንላትም ነበር፤ ብንጠይቃት «ሥራ ፈቶች! ተነሱና ውሃ ቅዱ» ነው መልሷ። ተረት ያጠገቡኝ ሐይቅ ከተማ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት ሰሌን ሠሪዋ እትዬ ሰዓዳ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ነበሩ። አላገቡም፣ አልወለዱም። ሰፈሩ በዚህ ነገር ብዙ ያወራል፤ እሳቸው ፊት ግን ትንፍሽ የሚል አልነበረም፤ ምላሳቸውን ማን ችሎት!

ያኔ መግሪብ ተሰግዶ ኢሻ እስኪደርስ ያለችው ጊዜ የእኛ የልጆች ነበረች። እትዬ ሰዓዳ ደጃፋቸው ላይ በሸክላ ገል ፍም ይዘው፣ ፋኖሱን ከበሩ መቃን ላይ ሰቅለው፣ ከቆላ የመጣ የዘንባባ ቅጠል ጭናቸው ላይ ከምረው ይቀመጣሉ። የቅጠሉን ቁርጥራጭ ፍሙ ላይ ጣል ሲያደርጉት ይንጣጣና ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይነሳል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ የአሳና የደንገል ሽታ ይዞ መጥቶ ጭሱን ወደ እኛ ይገፋዋል። እሳቸው ሰሌኑን ሳያዩት ይጎነጉናሉ፤ ዓይናቸው እኛ ላይ ነው። ያዛጋ ልጅ ካለ «አንተ! እንቅልፍህን ይዘህ ወደ እናትህ» ይሉና ያባርሩታል።

የጅቡንም የጦጣይቱንም ተረት ያውቃሉ። እኔ ግን የምወደው አንዱን ነበር፤ የወሰኗን ልጅ።

«አንዲት ልጅ ነበረች» ይላሉ። «አባቷ ከአምባሰል ወርዶ ሐይቅ የሰፈረ፣ እናቷ ከአፋር የመጣች። እዚህ ‹የቆላዋ ልጅ› ይሏታል፣ እዚያ ‹የደጋዋ ልጅ› ይሏታል። ቆላ ስትወርድ ሐይቁ ይናፍቃታል፣ ሐይቅ ስትመለስ የግመሉ ቃጭል ጆሮዋ ላይ ይጮሃል።»

አንድ ቀን ጓደኛዬ «ታድላ! ሁለት ቤት ነዋ ያላት» አለች። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?»

እትዬ ሰዓዳ እጃቸውን ከሰሌኑ ላይ አነሱ። «ሁለቱንም ይዞ ተንጠልጥሎ የኖረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ክንዱ ይዝላል የኔ እመቤት» አሏት። ከዚያ ወደ ተረታቸው ተመለሱ።

ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ እናቷ ይዛት ቆላ ወረደች። እዚያ ሁመድ የሚባል የእናቷ ወንድም ልጅ ነበር። በዚያ አገር ልማድ የአጎት ልጅ ከማንም በፊት የመጠየቅ መብት አለው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግመሎቹን በስማቸው የሚጠራ፣ ዓይን አፋር። ልጅቷ ሰውየውን እንደ ወንድም ነው የምታየው፤ አገሩን ግን ትወደዋለች፤ ሜዳውን፣ ማለዳውን፣ የእናቷን ዘመዶች ሳቅ። አንዲት አሮጊት ገብታ «ሁመድን ትፈቅጂያለሽ ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እንግዲህ ልጃገረድ በአፏ እሺ አትልም፤ በደጋም በቆላም ዝምታዋ እሺታዋ ነው። አሮጊቷ ወጥታ «ፈቅዳለች» አለች፤ ወተት ተጠጣ፣ ቃል ታሰረ። በዚያው ወር እናትየዋ ታማ ሞተች፤ ከግራር ሥር ቀበሯት።

ልጅቷ ወደ አባቷ ተመለሰች። ሐይቅ ደግሞ ይመር የሚባል አሳ አስጋሪ ነበር። እዚህ ላይ ሲደርሱ እትዬ ሰዓዳ ፈገግ ይሉ ነበር። «ይመር ታንኳው ላይ ቆሞ ሲዘፍን አሳው ራሱ ወደ መረቡ ይመጣል» ይላሉ። ልጅቷ እሱን ወደደችው። የይመር ሽማግሌዎች መጡ። አባትየው ስለ ቆላው ቃል የሰማው ነገር የለም፤ አክስቷን ላከባት። «ይመርን ትፈቅጂያለሽ ወይ?» አለቻት አክስቷ።

«አሁን መናገር ነበረባት» ይላሉ እትዬ ሰዓዳ። «‹እናቴ ቃል አስራብኛለች› ማለት ነበረባት። ወይም ሰው ወደ ቆላ ልካ ‹ሁመድን አልፈልግም› ማለት። አንዱን! አንዱን ብትል ኖሮ! እሷ ግን አንገቷን ደፋች። ዝም አለች።»

እኔ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ብድግ እላለሁ። «ለምን ዝም አለች?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብለው አሳድገዋታላ። ዝንቡስ አይገባም። ሰው ግን የፈለገውን ቃል ይከትበታል።»

በሠርጉ ቀን የቆላ ዘመዶች ወሬው ደርሷቸው ሙሽራቸውን ሊወስዱ ግመል ጭነው መጡ። ይመር በዚህ በኩል በወዳጆቹ ታጅቦ ደረሰ። አንዱ ጊሌውን፣ የወገቡን ጩቤ፣ መዘዘ፣ ሌላው ዱላውን አነሳ። የሁለቱ አገር ሽማግሌዎች ሮጠው መሐል ገቡ። ሦስት ቀን ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ በስተመጨረሻ በግ ታረደ፣ ዱአ ተደረገ፣ ፍርዱ ተሰጠ፤ ለአንዱ ብትሰጥ የሌላው ደም ይፈላልና ልጅቷ ለሁለቱም አትሁን። ሁለቱም ወንዶች የቤቷን ደፍ ላያልፉ ማሉ።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ ኢሻ ደረሰ። ሂዱ ወደየቤታችሁ።»

«መጨረሻው እኮ! የት ሄደች? ማንን አገባች?»

«አንቺ ሐያት፣ መጨረሻ መጨረሻ ትያለሽ፤ ተረት መስሎሽ ነው?» ይሉና ፋኖሱን ከመቃኑ ያወርዱታል። ያኔ የሚቀልዱ ነበር የሚመስለኝ።

ነገሩ የገባኝ በአንድ የገበያ ቀን ነው። በየዓመቱ ጺሙን በሂና ያቀላ አንድ የቆላ ሽማግሌ እየመጣ ለእትዬ ሰዓዳ የዘንባባ እስር በራፋቸው ላይ ያኖራል። እሳቸው ውሃ በጣሳ ያቀብሉታል፤ ቆሞ ይጠጣና ይሄዳል። ያን ቀን ዶፍ ዝናብ ያዘ፤ ሽማግሌው ከጣሪያው ጠርዝ በታች ቆሞ ጀርባው ይበሰብሳል። እኔ ከውስጥ ሆኜ «ይግቡ እንጂ አባባ» አልኩት። ደፉን አየው። «አልገባም ልጄ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «መሐላ አለ።»

ዞሬ እትዬ ሰዓዳን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያኔ ሌላውም ነገር ትዝ አለኝ፤ ጎረቤታችን አያ ይመር፣ የልጆች አባት፣ የልጅ ልጅ ያዩ አዛውንት፣ ንጋት ላይ ከሐይቁ ሲመለሱ ሁለት አሳ በሣር ጠቅልለው የእትዬ ሰዓዳ አጥር ላይ ሰክተው የሚያልፉት። ሳይጣሩ፣ ሳይገቡ። ያን ምሽት ተረት ልሰማ አልሄድኩም። አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ ተረቱ እውነት ሲሆን እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ እትዬ ሰዓዳ ታመሙ። ሳሉ አላስተኛ አላቸው። እናቴ አጥሚት እየሠራች በእኔ እጅ ትልክላቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሚቱን ወደ ጎን ገፉና እጄን ያዙኝ። ጣቶቻቸው ዘንባባ የፈተጋቸው ሻካራ ነበሩ።

«ሁልጊዜ መጨረሻውን ትጠይቂኝ የለ? እንግዲያው ስሚ። ልጅቷ አርጅታ ስትሞት እናቷ ጎን ተቀበረች። ቆላ፣ ግራሩ ሥር። አንድ አይሱዙ በግማሽ ቀን ያደርሳል። ሁመድ ቦታውን ያሳያል።»

«ለእናቴ ልንገራት?»

«እናትሽ ‹ምን ሆነው ነው፣ ይድናሉ› ትላለች እንጂ መቼ ትሰማኛለች። ሞቼ ሽማግሌዎቹ ‹ወሲያ፣ የኑዛዜ ቃል አላት ወይ?› ብለው ሲጠይቁ ያኔ ተናገሪ። ይመርን ወድጄዋለሁ፤ ወላሂ እስከ ዛሬ ድምፁን ስሰማ እጄን ከሰሌኑ ላይ አነሳለሁ። ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ የናፈቀኝ እዚያ ነው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ልምረጥ። አደራ ሐያቴ።»

«እሺ» አልኩ። አደራ ከምድር እንደሚከብድ እኔ ምን አውቄ!

በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ጀናዛ አይቆይም፤ ሰው ቶሎ ተሰበሰበ። አያ ይመር መጥተው ከደፉ ውጭ ቆሙ። ገብተው ቃሬዛውን እንዲያነሱ ቢነገራቸው አልገባም አሉ። ሼኻችን «የቤቱ ባለቤት ከሞተች መሐላው አበቃ፤ ግባ ይመር» አሏቸው። አያ ይመር ጫማቸውን አውልቀው፣ መቃኑን ይዘው፣ ቀስ ብለው ገቡ። ሃምሳ ዓመት በአጥር ላይ አሳ ሲያኖሩ የኖሩት ሰውዬ እንደ ሕፃን አንድ አንድ እርምጃ ሲሉ አየሁ።

እኔ ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱ ውሃ በጆግ ይዤ አጥሩ ሥር ቆሜአለሁ። ሼኻችን ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ሟቿ የተናዘዘችው ነገር አለ? ወሲያዋን የሚያውቅ ሰው ይናገር።»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ወንዶቹ ብዙ ናቸው፤ ሴት ልጅ እነሱ መሐል አፏን አትከፍትም። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም፣ ልዋሽ አልፈልግም። አያ ይመር እያለቀሱ ነበር። እትዬ ሰዓዳ ቆላ ከወረዱ ደግሞ መቃብራቸውን አላየውም፤ እኔም እዚሁ እንዲቀሩልኝ ፈለግሁ። ጆጉን አጥብቄ ያዝኩ። አንገቴን ደፋሁ።

«የእኛው ናት» አሉ አያ ይመር። «እዚሁ ከሐይቁ አጠገብ ትረፍ።»

«የሚቃወም ከሌለ ዝምታው እሺታ ነው» አሉ ሼኻችን። ቃሬዛው ተነሳ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን ሁመድ የዘንባባ እስሩን ተሸክሞ መጣ። በሩ ተዘግቷል። እኔን አጥሩ ሥር አገኘኝ፤ ፊቴን አይቶ ገባው። እስሩን መሬት ላይ አኖረው። ዱአ አደረገ፤ እጁን ፊቱ ላይ ለረጅም ጊዜ አቆየው።

«የት ነው?» አለኝ። ከሐይቁ ዳር ወዳለው መቃብር ጠቆምኩ።

«እዚህ?» አለ። ዝቅ ብሎ ዓይኔን አየኝ። «ምንም አላለችም?»

አሁን እንኳ መናገር እችል ነበር። ሰው የለም፣ ሼኽ የለም፣ እሱና እኔ ብቻ። ግን ብናገር «ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?» ይለኛል ብዬ አፈርኩ። እንደገና አንገቴን ደፋሁ።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «እሺ» አለ፤ «እኛን አልፈለገችም ማለት ነው።» እስሩን መልሶ ትከሻው ላይ ጫነና ቁልቁል ወደ መንገዱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሐይቅ ሲመጣ አላየሁትም።

አድጌ ጅዳ ሄድኩ፤ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ልብስ ተኮስኩ። እዚያ ሐይቅ ይናፍቀኛል፤ ለእረፍት ስመጣ ደግሞ እዚህ እንግዳ እሆናለሁ። ያኔ ነው እትዬ ሰዓዳ የገቡኝ። ተጠቅልዬ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ገበያ ወጥቼ የቆላ ሰዎችን ስለ ሁመድ መጠየቅ ነበር። «አላህ ይርሐመው፣ ሁለት ዓመት አለፈው» አሉኝ። አያ ይመርም ከእሱ በፊት አርፈዋል። የምነግረው ሰው አጣሁ።

አሁን ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ተቀምጠን ሳለ «ተረት ንገሪኝ» አለችኝ። እናቴን ሆኜ «ተነሺ ውሃ ቅጂ» ልላት ነበር። አልሆነልኝም። ሳላስበው የወሰኗን ልጅ ጀመርኩ፤ ቆላውን፣ ሐይቁን፣ ሁለቱን ዝምታዎች፣ የዋርካውን ፍርድ ነገርኳት። ልጄ የእኔ ልጅ ናትና አልለቀቀችኝም።

«ከዚያስ? መጨረሻው?»

«መጨረሻውማ፣ ስታረጅ መረጠች። ‹እናቴ ጎን፣ ግራሩ ሥር ቅበሩኝ› አለች።»

«እሰይ! እዚያ ቀበሯት?»

ሻማው ቀልጦ ሳህኑ ላይ ፈስሷል። ከመስኮቱ ወዲያ ሐይቁ ጨለማ ነው፤ መቃብሩ ያለበት ዳርቻ አይታይም።

«አልቀበሯትም» አልኳት።

«ለምን? ተናግራ የለ?»

«እሷማ ተናግራ ነበር» አልኩ። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»