ሰው ሳይሟላ ያልተከፈተችው ገጽ

ዛሬ ጠዋት እትዬ አስቴር ደውለው «ማቴዎስ አረፈ» ሲሉኝ «የትኛው ማቴዎስ?» አልኳቸው።

ሚስታቸውን እኮ ነው የጠየቅኩት! ሶዶ ላይ «ማቴዎስ!» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ መንገደኛ ዞር እንደሚል ታውቃላችሁ። አፌ ሌላ ማቴዎስ ፈልጎ ነው። እትዬ አስቴር «የኔው ነዋ» አሉኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ያስተማሯችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ የፊዚክስ መምህሩ፣ ጠመኔ ከኮት ኪሳቸው የማይጠፋው። ላላስተማሯችሁ ደግሞ አንድ ጉድ ልንገራችሁ። እኒህ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ኮሚክ ይከታተሉ ነበር። አዎ፣ በሥዕል የሚተረክ፣ መንኮራኩር ያለበት!

«የነገ ጎረቤቶች» ይባላል። ምድር የደረቀችባቸው የወደፊት ሰዎች ወደ እኛ ዘመን ሸሽተው መጥተው ቤት ይከራያሉ። ሶስና የምትባል ሴት አለች፤ ልጅቷ ሶስና፣ ጎልማሳዋ ሶስና፣ አሮጊቷ ሶስና ከየዘመናቸው መጥተው በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ሦስቱም አይስማሙም።

እኛም ሦስት ነበርን። ጋሽ ማቴዎስ፣ እኔ፣ እና ገሱባ ወረዳ ቢሮ የምትሠራው ምህረት። ሁለታችንም የድሮ ተማሪዎቻቸው ነን። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር አንዲት ቅጂ በአውቶብስ ትመጣለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ጎደሬ በሚያቃጥለው ዳጣ እየበላን ጮክ ብለን እናነባለን። የመጨረሻዋን ገጽ ግን ጋሽ ማቴዎስ ራሳቸውም ሳያዩ በአግራፍ ይዘጓታል። ሦስታችንም ካልተቀመጥን አትከፈትም። «ሰው ሳይሟላ መጨረሻ የለም» ይሉ ነበር። አንዴ ምህረት አራስ ሆና ሁለት ወር ጠብቀናታል።

እኔ አምደኛ ነኝ። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሳትነግሩኝ ይገባኛል። የሶስናን የዘመን እንቆቅልሽ ግን አንድም ቀን ለብቻዬ ፈትቼው አላውቅም። ጋሽ ማቴዎስ «ቀላል እኮ ነው!» ይሉና በጠመኔ የበረንዳው ሲሚንቶ ላይ ክብ ይሠራሉ። ከክቡ ቀስት፣ ከቀስቱ ሌላ ክብ። እትዬ አስቴር ሰሃን ሊያነሱ ብቅ ሲሉ «አትርገጪው አስቴር፣ እሱ የሚመጣው ዘመን ነው!»

«የሚመጣው ዘመን መወልወያ ይዞ ይምጣ!» ይሏቸዋል።

ከዚያ ሠዓሊው ጠፋ። አራት ዓመት! ታመመ ተባለ። ወፍጮ ቤት ከፈተ ተባለ። መጨረሻው ለራሱም ጠፍቶበት ነው ተባለ (ይቺን ያወራኋት እኔ ነኝ)። ጋሽ ማቴዎስ ብቻ «እያሰበ ነው፣ ተዉት» ይሉ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ክፍል ወጣ። እሳቸው ሆስፒታል ከተኙ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር።

ትናንት ከሰዓት ይዤላቸው ሄድኩ። ሥዕሉን ፊታቸው ላይ ከፍ አድርጌ እየያዝኩ አነበብኩላቸው። በአግራፍ የዘጋኋት ገጽ ጋ ስንደርስ ምህረት ደወለች። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት የተሳፈረችበት መኪና ጭቃ ውስጥ ቆሟል። እያለቀሰች ነበር። «ያለ እኔ ክፈቱት፣ በጌታ!» አለች።

«ክፈቺው በቃ ልጄ» አሉኝ እትዬ አስቴርም።

ጣቴ አግራፉ ላይ ነበር።

ጋሽ ማቴዎስ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ልጅ ስንት ዓመት ጠብቃ ጭቃ ያስቀራት? ነገ ትደርሳለች።»

«ፎቶ አንስቼ ልላክላትና እኩል እንየው» አልኩ።

«ተይ እንጂ! ነገ።»

እኔም እሺ አልኩ። አርባን ያለፍኩ ሴትዮ እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «እሺ ጋሼ» ብዬ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ በዓይኑ ነግሮኝ ነበር እኮ! ማየት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። በእጄ ነበር። ከአንሶላቸው አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

ደንባቸውን አከበርኩ ልበል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነው። ያቺን ገጽ ከከፈትኳት ነገ እንደሌለ ፊት ለፊታቸው የተናገርኩ መሰለኝ።

ምህረት ዛሬ ረፋድ ላይ ደረሰች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር እየተዘመረ ነበር። ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር፣ ከእትዬ አስቴር ጋር ሆነን ከፈትናት።

አንድ ሥዕል ነው። ቃል የለውም። የጎረቤቶቹ ቤት ባዶ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደጃፉ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል።

«የሚገባ ነው የሚወጣ?» አለች ምህረት።

«እኔ እንጃ።»

«የቱ ዘመን ነው ታዲያ? የፊቱ ነው የኋላው?»

«እኔ እንጃ አልኩሽ ምህረት!»

እትዬ አስቴር ገጹን ተቀብለው ገለበጡት። ጀርባው ነጭ ነው። «ለምን ማቴዎስን አትጠይቁ...» ብለው ጀመሩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ጋሽ ማቴዎስ፣ አየነው። አልገባንም። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩን ሁለት ተማሪዎች ቆመን አንዲት ሥዕል ማንበብ አቃተን። ነገ እስከ መቃብሩ እንሸኝዎታለን፤ ከዚያ ወዲያ የምናደርግልዎት ነገር የለም። ጌታ በሰላም ይቀበልዎት፣ መምህሬ።

ግን እባክዎ፣ ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ማነው?