ቀኖናዬ እንቅልፍ ሆነ

እኔና ትምህርት የተለያየነው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። እሱ ነው የተጣላኝ፣ እኔ ምንም አላደረግኩትም። ስለዚህ የጻፍኩት ነገር ከተጣመመ መንገዱ ነው በሉልኝ፤ የባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ የጎንደርን ጉድጓድ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ይሄን ግን ቀጥ አድርጌ ልናገር፣ ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማልገባበት ሥራ አልነበረም። ሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ። ሁለት የጽዋ ማኅበር አለኝ። አቅመ ደካሞችን እሁድ እሁድ በነጻ አመላልሳለሁ። ለቅሶ ካለ ድንኳን ተካዩ እኔ ነኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታቦት ሲወጣ መንገዱ ላይ ምንጣፍ የምናነጥፈው ወጣቶች አለቃ ነበርኩ። ታቦቱ ያለፈበትን ጠቅልለን፣ በትከሻ ተሸክመን፣ ሮጠን ፊት እንደርስና እንደገና እንዘረጋለን። ሌላው ጥቅሉን ለሁለት ሲይዘው እኔ ብቻዬን ነው የምሸከመው። ውሸት አይደለም፣ ቪዲዮ አለኝ።

እንቅልፍ የሰነፍ ሥራ ነው እል ነበር። ሰው "አልደከመህም?" ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ "እኔ?" ብዬ ለመሳቅ። እሁድ ምሳ እቤት የበላሁበትን ቀን አላስታውስም። እናቴ "ሰንበት እኮ ነው፣ ትንሽ ጋደም በል" ስትለኝ፣ "እግዜር ሥራ ሲያዘኝ አንቺ ታስተኚኛለሽ?" እላት ነበር። ትታኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። ያሸነፍኳት ይመስለኝ ነበር።

አምና፣ የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ፣ ቀኑን ሙሉ ከአንገረብ ወንዝ ዳር ቄጠማ ሳመላልስ ዋልኩ። ማታ ማህሌት ቆሜ አደርኩ። ሲነጋ አብሮኝ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ጓደኛዬ መጣና እጁን ዘረጋ።

"ቁልፉን ስጠኝ።"

"የምን ቁልፍ?"

"የመጋዘኑን ነዋ። ምንጣፉን እኛ እናወጣዋለን። አንተ ሂድና አንድ ሰዓት ተኛ፣ ዓይንህ በርበሬ መስሏል።"

"እኔ ከተኛሁ ጎንደርን ማን ይጠብቃታል?"

"ግንብ አላት። አንተ ተኛ።"

ሳቅኩ፤ ቁልፉን ግን አልሰጠሁትም። እውነቱን ለመናገር፣ መጋዘኑን እኔ ስከፍት ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነው።

ታቦቱ የሚወጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ሽማግሌዎችን ከየቤታቸው ማምጣት ጀመርኩ። የመጨረሻው ሽማግሌ ሲወርዱ እጃቸውን ያዝኩና "ቀስ ይበሉ አያ" አልኳቸው።

"አንተ ቀስ በል እንጂ። ሁለቴ ከመንገድ ወጥተሃል።"

"ጉድጓድ ስሸሽ ነው እኮ አያ።"

"አስፋልቱ ላይ?"

ባጃጇን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ፣ ባህር ዛፍ ሥር አቆምኳት። ካፊያ ጀምሯል። ሸራውን ዘጋሁና ኋላ ወንበር ላይ ጋደም አልኩ። አምስት ደቂቃ ብቻ። ዋዜማውን ራሴን በቪዲዮ ስቀርጽ ስለዋልኩ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

የቀሰቀሰኝ እልልታ ነው።

ሮጬ በበሩ ስገባ ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ጀምሯል። ሌሊት የጣለው ዝናብ ግቢውን ጭቃ አድርጎታል። ምንጣፍ የለም። ጭቃው ላይ የተነጠፈው ነጠላ ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሰው የክት ልብስ። ታቦቱ ሲያልፍ ጓደኞቼ ያነሱታል፣ ጭቃው እየተንጠባጠበ ፊት ወስደው እንደገና ያነጥፉታል።

በኋላ እንደነገሩኝ ግቢውን ሙሉ ፈልገውኛል። አንዱ መዶሻ አምጥቶ የመጋዘኑን ጓጉንቸር ልስበር ሲል፣ ታቦቱ ደጅ ደርሶ ስለነበር አንድ ቄስ "ታቦቱ ፊት መዶሻ አታጩሁ" ብለው ከለከሉት። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ነጠላዋን ገፈፈችና ጭቃው ላይ ዘረጋችው። ሌላው እሷን አይቶ ነው የተከተለው።

እናቴ ነበረች።

ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። በሁለት እጇ ፀጉሯን ለመሸፈን ትሞክራለች፣ ካፊያው ይወርድባታል። እናቴን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በባዶ ራሷ አይቻት አላውቅም፤ ማንም አይቷት አያውቅም። ጎረቤታችን የነጠላዋን ጫፍ ልታካፍላት ስትጠጋ፣ "ተይኝ፣ ቁልፉ ያለው እኛ ቤት ነው" አለቻት። አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁ። አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። ጭቃ የጠጣ ጋቢ ተሸክሞ ቀና ብሎ አየኝ። የወንበሩ ስፌት ጉንጬ ላይ ታትሟል።

"ጎንደር ደህና ናት?" አለኝ።

ጋቢውን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ አልፎኝ ሮጠ።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እዚያም እንኳ ጉራዬ አልለቀቀኝም።

"አባ፣ ከባድ ቀኖና ይስጡኝ። አምስት መቶ ስግደት። እችላለሁ።"

"እንደምትችልማ አውቃለሁ። በማግሥቱ ባጃጅ ተራው ሁሉ ይሰማዋል።"

አንገቴን ደፋሁ።

"እስከ ፍልሰታ ድረስ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቀጥ ብለህ እቤትህ ትገባለህ። ከእናትህ ጋር ምሳ ትበላለህ። ከዚያ ትተኛለህ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ትነሳለህ።"

"አባ፣ ይሄ ቅጣት ነው እንዴ?"

"ሞክረውና ንገረኝ። አንተ ተኝተህ ታቦቱ ሳይወጣ ቀረ?"

"ወጣ።"

"ቁልፉን ለጓደኛህ ሰጥተህ ብትተኛ ኖሮ ምን ይጎድል ነበር?"

ምንም፣ ማለት ነበረብኝ። የሚጎድለው ግን እኔ ነበርኩ፤ የፈራሁትም እሱን ነው። እኔ ሳልኖር ሁሉም ነገር ሸጋ ሆኖ እንዳይውል።

በመጀመሪያው እሁድ እቤት ስገባ እናቴ ደነገጠች።

"ምነው? አመመህ?"

"አይ።"

"ከሰው ተጣላህ?"

"ቀኖና ነው" አልኳት።

የእጅ ውሃ አመጣችልኝ። እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ትሪው ላይ ሽሮው ተጨልፏል፣ እንጀራው ለሁለት ሰው ነው የቀረበው። እንደምመጣ ደግሞ አላወቀችም።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"እሁድ አይደል?" አለችኝ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳት ሁሉ።

ከመቼ ጀምሮ ለሁለት እያቀረበች ብቻዋን እንደምትበላ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። አምስት መቶው ስግደት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ መደቡ ላይ ተጋደምኩ፣ ጋቢ ጣል አደረገችብኝ። ስልኬን አጠፋሁ። እግሬ ግን ብቻውን ይሮጣል። አሁን እነ እገሌ እየፈለጉኝ ነው፣ አሁን ማን ይጭናል፣ እያልኩ ጣሪያውን ሳይ በሩ ተንኳኳ። ከማኅበራችን አንዱ ነው።

"እትዬ፣ ድንኳን የምንተክልበት ለቅሶ አለ። እሱ የለም እንዴ?"

"አለ። ተኝቷል።"

"እሱ? ይተኛል እንዴ?" ሰውዬው ሳቀ።

"ልጄ ተኝቷል አልኩህ። ጎረምሳ ሞልቶ የለም እንዴ? ሌላ ፈልጉ።"

ምንጣፉን ብቻዬን ተሸክሜ ስሮጥ ሰዉ ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ እንኳ፣ ስለኔ በዚህ ድምጽ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። በሩን እንዳልነቃ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እኔ ዓይኔ ፈጦ ነበር። ስትመለስ ዋሾ እንዳላደርጋት ቶሎ ብዬ ጨፈንኩት።