ከጥሩር በታች የሚለበሰው

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት ኪኒኔን ልገዛ ፍኖተ ሰላም ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ቆማ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው። ዝናቡ ገና አልጣለም፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ከላያችን እየተንቋቋ ይግላል። የሕፃኑ አንገትና ብብት ላይ ችፍ ችፍ ያለ ቀይ ነገር ወጥቶበታል። ባለመድኃኒቷ አገላብጣ አየችውና ሙቀት ያመጣው ሽፍታ ነው አለች። ይህን ሹራብ አውልቂለት፣ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፣ እጥፋቱን ሁሉ በደንብ አድርቂለት፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ አልብሺው፣ ቅቤ ግን እንዳትቀቢው አለቻት። እናቲቱ ትናንት ቀብቼዋለሁ ብላ አቀረቀረች። ከኋላዋ የቆምኩት እኔም አቀረቀርኩ። ተራዬ ደርሶ ስጠራ እንኳ አልሰማሁም ነበር።

ያ ያሳቀረቀረኝ ነገር ሲሆን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአንማው ጋር ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። አንማው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ረዥም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ። እኔ ደግሞ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ አጠገብ፣ ጭጋግና ብርድ ካለበት አገር ነው የመጣሁት። የሱ ቤት ቅርብ ስለሆነ ስንቁ በየሳምንቱ ይመጣለታል፤ በሶው፣ የገብስ ቆሎው፣ ወፍራሙ ዳቦ፣ ፍልሰታና ዐቢይ ጾም ካልሆነ ደግሞ በቅል የታሸገ ቅቤ። የኔ ስንቅ በወር አንዴ በሰው እጅ ከመጣ ነው። ስለዚህ የበላሁት አብዛኛው የሱን ነው። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሠራሁት ነገር እንዲመዘን ነው።

የከተማው ልጆች የቴያትር ቡድን ነበረን። የሚመሩን አያ ባንቴ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው በቆላው አገር ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ ከዚያ ያመጡት የሚያነክስ እግርና የማያልቅ ወሬ ነው። በዚያ ዓመት ራሳቸው የጻፉትን ቴያትር ይዘን ልንዞር ተነሣን። ታሪኩ በጥንት ዘመን ስለነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ነው፤ በአባታቸው ርስት ተጣልተው የብረት ጥሩር ለብሰው፣ የራስ ቁር ደፍተው፣ ጎራዴ መዝዘው ይጋጠማሉ። ታላቅየው አንማው፣ ታናሽየው እኔ ነበርን። ጥሩሩን አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ከዘይት ጣሳ ቆርጦ በበሬ ቆዳ ላይ በምስማር መታልን። ቁሩ የተሠራው እጀታው ከተነቀለ ድስት ነው። ስንቀልድበት ነበር እንጂ ከሩቅ ላየው ያስፈራል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ክብደቱንስ እንጃ፤ ሙቀቱን ግን ዛሬም ደረቴ ያውቀዋል።

የምንጫወተው ሜዳ ላይ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ በቀትር ነው። አያ ባንቴ ይህን ስላወቁ ከሁሉ አስቀድመው የተጨነቁት ለቆዳችን ነበር። በቆላ ሳሉ ጓደኞቻቸው በትጥቅ ሥር ሰውነታቸው እየፈላ፣ እያሳከከ፣ ሲብስም እየመገለ ከጥይት በላይ እንዳሰቃያቸው ነገሩን። ለእያንዳንዳችን ከጥሩሩ ሥር የሚለበስ ሁለት ሁለት የአቡጀዲ ገበር ሰፉልን፤ እጅጌው ሰፊ፣ ከሰውነት የማይጣበቅ። አንዱ ሲለበስ ሌላው ታጥቦ ይደርቃል። ገላችሁን ሳታደርቁ ጥሩሩን እንዳታጠልቁ፣ ከትዕይንት ትዕይንት መሐል አውልቃችሁ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ናይለን የሚባል ነገር አታስጠጉ አሉን። በተለይ ስለ ቅቤ ሲናገሩ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ላብ መውጫ ይፈልጋል። ቅቤ በላዩ ከቀባችሁ በር ዘግታችሁ እሳት እንደማንደድ ነው።»

ገበሮቹን የማጠቡን ሥራ የሰጡት ለኔ ነው። አንማው ጥሩሮቹን ተሸክሞ ይሄዳል፣ እኔ አጥባለሁ፤ ፍትሐዊ ክፍፍል ነበር።

ፍኖተ ሰላም ላይ ሁለት ቀን ተጫወትን፤ አራቱም ገበሮች በላብ ራሱ። በማግስቱ ይዣቸው ላህ ወንዝ ወረድኩ። መጀመሪያ የራሴን ሁለቱን አጠብኩ። ለምን የራሴን አስቀደምኩ ብትሉኝ፣ ሰው ለምን የራሱን ያስቀድማል? አሽቼ፣ ጨምቄ ድንጋይ ላይ አሰጣኋቸው። የአንማውን ልጀምር ስል የክፍላችን ልጆች ወደ ወንዙ ወርደው ጠሩኝ። ውሃው ሙላት የለውም፣ ጥልቅ ያለው ጉድጓድ ጋ ግን ይዋኛል፤ ማንጎም ይዘው ነበር። እስኪመሽ ዋኘሁ። ስመለስ የደረቁትን አጣጥፌ፣ ያልታጠቡትን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ነገ ጧት አጥባቸዋለሁ ብዬ ከአልጋው ሥር ወረወርኳቸው። የነገው ጧት መጥቶ ሄደ፤ ትዝ አላሉኝም።

ትዝ ያሉኝ ማንኩሳ ልንጫወት በተነሣንበት ጧት ነው። ከረጢቱን ስፈታ የኮመጠጠ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ጨርቁ እንደረጠበ ነው። መልሼ አሰርኩት። በእጄ ሁለት ንጹሕና ደረቅ ገበር ነበረኝ። አንዱን ለአንማው ሰጥቼ አንዱን ብለብስ ያልቅ ነበር። ግን ትዕይንቱ ሁለት ነው፤ በመጀመሪያው የራሰውን በሁለተኛው መልሼ ልለብስ ነው። እኔ የብርድ አገር ልጅ ነኝ፣ ሙቀት አልችልም፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ይችለዋል ስል ራሴን አሳመንኩት። ለአንማው ያንተዎቹ አልደረቁም አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ያልታጠበ ነገርም አይደርቅም። ከዚያ የራሴን የናይለን ሸሚዝ አውጥቼ ለዛሬ ይህን ልበስ አልኩት። ሸሚዙን በእጁ ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ለበሰው።

የማንኩሳ ሰው እንደዚያ ቀን ጭብጨባ ሰጥቶን አያውቅም። የአንማው ዘመዶች ከየቀበሌው መጥተው ነበር፤ እናቱ ለቡድኑ ሁሉ ጠላና ዶሮ ወጥ ይዘው ነው የመጡ። አንማው የታናሽ ወንድሙን ሬሳ ታቅፎ፣ ማለት እኔን ታቅፎ፣ ሲያለቅስ እናቱም አብረው አለቀሱ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እንደሞተ ሰው ተጋድሜ የሱ ላብ በጥሩሩ ጠርዝ እየተንጠባጠበ ፊቴ ላይ ያርፍ ነበር።

ማታውን ወደ ክፍላችን ተመለስን፤ በማግስቱ ጧት ሸሚዙን ሲያወልቅ አየሁት። ጀርባው፣ ወገቡ፣ ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ በደቃቅ ቀይ ሽፍታ ተሞልቷል። እንደ መርፌ ይወጋኛል፣ አያ ባንቴን ላሳያቸው አለ። አያ ባንቴ ካዩት የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ገበሩ የት ሄደ እንደሚሆን አውቃለሁ። ምንም አይደለም፣ ለዚህ ብለህ ሽማግሌ አታስጨንቅ አልኩትና እናቱ የላኩለትን ቅቤ ከቅሉ ቆንጥሬ ጀርባውን በሙሉ በገዛ እጄ ቀባሁት። አያ ባንቴ ጣታቸውን ቀስረው የከለከሉንን እያወቅሁ። ለጊዜው ቀዝቀዝ አለኝ ብሎ አመሰገነኝ። በዚያው ቀን የቀሩትን ሁለት ገበሮች አጠብኩ፤ እጄ እስኪላጥ ነው ያሸኋቸው፣ ረፍዶ ነበር እንጂ።

በሦስተኛው ቀን ቡሬ ገባን። ከባሕር ዳር ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር፤ ለአንድ የኪነት ቡድን ተዋናይ ሊመለምሉ ነው፤ ደመወዝም፣ መኖሪያም አለው። የሚያዩት አንማውን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔም አውቃለሁ። የቡሬ ቀትር አቧራውና ከበርበሬ ጆንያዎች የሚነሣው ብናኝ አንድ ላይ ጉሮሮ ይይዛል። አንማው የታጠበ ገበር ለብሷል፤ ከሥሩ ግን በጠዋት እንደገና የቀባሁት ቅቤ አለ። ጥሩሩ ሲግል ቅቤው ቀለጠ።

ፍልሚያው መሐል ላይ ታላቅ ወንድም ጎራዴውን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይነቃነቅ፣ የታናሹን ስድብ የሚሰማበት ቦታ አለ። እኔ እሳደባለሁ፣ እሱ እንደ ድንጋይ ይቆማል። የቴያትሩ ልብ ያ ነበር። ስድቤን ጀመርኩ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሕዝቡ ያለቀሰ መስሎት ዝም አለ። ከዚያ ጎራዴውን ጣለ፣ ማሰሪያውን በሁለት እጁ በጠሰው፣ ጥሩሩ መሬት ላይ ወድቆ ጮኸ። ገበሩን ከላዩ ሲገፈው ጀርባው ታየ፤ ቀዩ ሁሉ መግል ይዟል። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። እኔ ስድቤን የት እንደማቆም አላወቅሁም።

ከገበያው ጀርባ አንድ ዛፍ ሥር አስቀመጥነው። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይግላል። አያ ባንቴ እያነከሱ መጡ፣ ጎንበስ ብለው ጀርባውን አዩ፣ አሸተቱ።

«ማንኩሳ ላይ ከውስጥ ምን ነበር የለበስከው?» አሉት።

አንማው ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አላየኝም፤ ግን አየኝ።

«ናይለን። ገበሩ አላማረኝምና በራሴ ፈቃድ ነው። ቅቤውንም ራሴው ነኝ።»

አያ ባንቴ ልጆቹን በሙሉ ሰብስበው፣ ምክር የናቀ ሰው መጨረሻው ይህ ነው ብለው አንማውን እያሳዩ ተናገሩ። እኔም ከሰሚዎቹ መካከል ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። የባሕር ዳሮቹ ሰዎችም ከመሄዳቸው በፊት በአንማው ፋንታ የኔን ስም ጠይቀው ጻፉ።

አንማው ክሊኒክ መርፌ ተወግቶ ቤቱ ተወሰደ፤ ትኩሳቱ ቶሎ አልበረደም። ባሕር ዳር ከመሄዴ በፊት ልጠይቀው ማንኩሳ ወረድኩ። በደረቱ ተኝቷል። አባቱ ቅኔ የተማሩ፣ ነገር በዘወርዋራ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አጠገቤ ተቀምጠው ጠላ እየቀዱልኝ ልጃቸውን ያየው የጤና ሠራተኛ በሽታውን ሽፍታ እንዳለው ነገሩኝ።

«ሽፍታስ ድሮ ከዱር ነበር የሚወጣ» አሉኝ፤ «የኛ ግን ከቤት ወጣ።»

ያውቁ ይሆን? ወይስ ቃሉ ጣፍጧቸው ነው? ዛሬም አላውቅም። ዋንጫውን ሳልጨርስ አስቀምጬ ተነሣሁ።

ባሕር ዳር ሦስት ዓመት ተጫወትኩ። መካከለኛ ተዋናይ ነበርኩ። በኋላ ትቼው መምህር ሆንኩና ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። አንማው ዳግመኛ መድረክ ላይ አልወጣም፤ አባቱ ሕዝብ ፊት የተዋረድክበት ነገር ይብቃህ አሉት። ትምህርቱንም ሳይጨርስ በርበሬና በቆሎ ወደማምረቱ ገባ። ስንገናኝ እንሳሳማለን፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ማዳበሪያ እናወራለን። ያቺን ነገር አንሥተናት አናውቅም ነበር።

ያነሣኋት አያ ባንቴ በሞቱ ጊዜ፣ ለተዝካራቸው ተሰብስበን ነው። ከዳሱ ጥግ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠን፣ የሱም ጠጉር ሸብቷል፣ የኔማ ጨርሶ የለም። የንስሐ አባቴ ነገሩን ስነግራቸው ለኔ ነገርከኝ፣ ለሱስ ነግረኸዋል ወይ ብለውኝ ነበር። በእጄ ያለውን እንጀራ ሳልጎርስ፣ ገበሮቹን አላጠብኳቸውም ነበር አልኩት። ስለ ምን እንደምናገር አልጠየቀኝም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ማንኩሳ ከመሄዳችን በፊት ከአልጋው ሥር ከረጢቱን ከፍቼ አይቼው ነበር።»

የደረቁትን ሁለቱንም አይቷል። ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም አልኩት። ወደ ሰዎቹ አየ።

«አንዱን ስጠኝ ልልህ ነበር። ራስህ ትሰጠኛለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

ወጥ ጨልፎ ወደኔ በኩል አደረገልኝ፣ ብላ አለኝ። ያን ጧት ሸሚዙን ይዞ የቆመበትን ጊዜ አሰብኩት። እሱ ሲጠብቀኝ እኔ ጎንበስ ብዬ የጥሩሬን ማሰሪያ አጠብቅ ነበር።

ይቅርታ አግኝቻለሁ? አግኝቻለሁ መሰለኝ። ግን በደሌ ከተነገረ በኋላ ይቀልልኛል ብዬ የጠበቅሁትን ያህል አልቀለለኝም፤ እንዲያውም ቀድሞ የማላውቀውን፣ ያንን የሱን መጠበቅ ጨመረብኝ። አንማው በየኅዳሩ የበርበሬውን አዝመራ ሲያነሣ አንድ ጆንያ ይልክልኛል። ባለቤቴ ዛላውን ባየች ቁጥር ቀለሙን ታደንቃለች፤ ይህን ያህል የሚያስብልህ ሰው ምን ውለህለት ነው ትለኛለች። አብሮ አደጌ ነው እላታለሁ። ከዚያ አልፌ ነግሬያት አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ግን ለኅትመት ከመላኬ በፊት እንድታነበው እንደልማዴ ጠረጴዛው ላይ ትቼላታለሁ።