ሐሙስ የመጣ ደም

ያ ቲዋ የተወለደችው በፈረንጆቹ ማርች ሰባት ቀን 1957 ነው፤ አገሩ ከቅኝ ገዢዎች ነፃ ወጥቶ ባንዲራው በተቀየረ ማግስት፣ ሐሙስ። ወይስ ያን ቀን አልነበረም? ሐሙስ መሆኑን እንኳ ስሟ ይመሰክራል። በአሻንቲ አገር ሐሙስ የተወለደች ሴት "ያ" ትባላለች፤ ማንም አይመርጥላትም። ግን ሕፃን የተወለደበትን ቀን ራሱ አይቆጥርም፤ የነገሩትን ይዞ ነው የሚያድገው። ቲዋ እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ድረስ ያን ቀን በየቅጹ ላይ ስትጽፍ አንድም ጊዜ ብዕሯ ቆም ብሎ አያውቅም።

ሥራዋ ደም ነበር። ከኩማሲ ወዲያ ባለች የካካዎ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ጣት ስትወጋ ሠላሳ ዓመት ሆናት። ገበያ ስትወጣ ልጆች እጃቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ፤ ቲማቲም ሻጮቹ "እመት መርፌ መጣች" ይባባላሉ። "ዛሬስ የምትወጉኝ እናንተ ናችሁ፣ በዋጋችሁ" እያለች ትስቃለች።

በአገሯ ሰው ዘንድ ደም የእናት ነው። አባት መንፈሱን ይሰጣል፣ ስም ያወጣል፤ ደምና ቤት ግን በእናት በኩል ብቻ ይመጣሉ። ላቦራቶሪው ደግሞ ልጅ ከሁለቱም ይወርሳል ይላል። ቲዋ ሁለቱን አስማምታ ነው የኖረችው። ሲጠይቋት "ግማሹን አባት ያዋጣል፣ ምስጋናውን እናት ትወስዳለች" ትላቸው ነበር።

ያስተማሯት ሚስተር ባይዱ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በመጀመሪያው ወር አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የታመመ ልጁን ይዞ መጣ። የሾፌሩ ደም ኦ፣ የሚስቱ ኦ፣ የልጁ ግን ኤ፤ ከሁለት ኦ ደግሞ ኤ አይወለድም። ቲዋ ሰሌዳውን ይዛ ወደ ባይዱ ሮጠች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው፣ "የደሙን ዓይነት ጻፊ፤ ማን የማን እንደሆነ አትጻፊ" አሏት። እንዳሏት አደረገች። ልጁ ዳነ፤ ሾፌሩ ለምስጋና አንድ ትልቅ ያም፣ እንደ ቦዬ ያለ ሥራ ሥር፣ ተሸክሞ መጣ። ያሙን እየበላች በዝምታዋ ኮራች።

የኮራችበት ዝምታ የራሷ ብቻ አልነበረም። በአሻንቲ የቆየ ሕግ አለ፤ የሰው መነሻ አይነገርም። ከቤት ውጭ የመጣ ሰው በቤት ካደገ የቤቱ ሰው ነው። "ያ እኮ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው" ብሎ ያወጣ በግ ከፍሎ ይቅርታ ይጠይቃል።

እናቷ ማሜ ፎፊዬ የቤተ ዘመዱ ሴቶች አለቃ ነበሩ። ዘመድ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲሞት ሬሳ የሚያሳጥቡ፣ ልጅ ሲዳር መጨረሻ ላይ "ይሁን" የሚሉ እሳቸው ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ደከመኝ አሉ፤ ሽማግሌዎቹም መጪው እሁድ ቲዋ በወንበራቸው እንድትቀመጥ ቆረጡ። በዚያ ወንበር የሚቀመጠው የቤቱ ደም ብቻ ነው። ከቲዋ በኋላ ደግሞ ለሁለት ሴት ልጆቿ ያልፋል።

እሁዱ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ማሜ ፎፊዬ ደም አስመለሳቸው። የጨጓራ ቁስል ነበር። ሐኪሙ ሦስት ከረጢት ደም አዘዘ። ወንድማቸው ዎፋ (አጎት) ኦቼሬ ቲዋን ወደ አልጋው ገፋ አድርገው፣ "ልጇ አለች አይደል? ደሟ ከደሟ" አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አገላበጡ።

"ከእሷ አትውሰዱ" አሉ ማሜ ፎፊዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ለምን ማሜ?" አለች ቲዋ።

"ከስታለች።"

ቲዋ ሰማንያ ኪሎ ነበረች። ነርሷ ሳቀች፤ ቲዋም ሳቀች።

ምርመራውን ራሷ ሠራችው። ቅዳሜ ስለነበር ላቦራቶሪው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። በነጩ ሰሌዳ ላይ የእናቷን ደም በሁለት ቦታ አንጠበጠበች፤ በአንዱ ላይ ሰማያዊውን፣ በሌላው ላይ ቢጫውን ፈሳሽ ጨምራ በእንጨት አማሰለች። በሰማያዊው ደሙ ጓጉሎ አሸዋ መሰለ። በቢጫውም አሸዋ መሰለ። ኤቢ ነው።

ቲዋ ኦ ናት። ከሃያ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ደም ትሰጣለች፤ ካርዷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ኤቢ የሆነች እናት ያላት ኤና ቢ ነው፤ ለልጇ ከሁለቱ አንዱን ሳታወርስ አታልፍም። ኦ የሆነ ሰው አንዱም የለውም። ይህን ለስንት ተማሪ አስተምራለች። ሰሌዳውን አጥባ ደገመችው። አዲስ ጠርሙስ ከፍታ ሠለሰችው። የራሷን ጣት ወግታ ከእናቷ ደም አጠገብ አኖረችው፤ የእሷ በሁለቱም በኩል እንደ ውሃ ተንሸራተተ። ኤቢ እናት ኦ የምትወልድበት፣ መጽሐፍ እጅግ ብርቅ የሚለው ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ያን ምሽት ሁሉ እሱን ይዛ ተቀመጠች።

ያን እንድትለቅ ያደረጋት አንድ ትዝታ ነው። ተማሪ ሳለች ለልምምድ የቤቱን ሰው ሁሉ ጣት ወግታ ነበር። አክስት አጎት ተሰልፎ እየተሳሳቀ ሲወጋ እናቷ መቆፈሪያቸውን በትከሻቸው አድርገው ከግቢ ወጡ። "ወዴት ነው?" ሲባሉ "እርሻ" አሉ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ መሬት የምታርፍበት ቀን ነው፤ በዚያ አገር ሐሙስ አፈር የሚነካ ሰው የለም። እናቷ ሕግ ሲተላለፉ ያየችው በዕድሜዋ ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሚገርመው ደግሞ አንድም ሰው "ሐሙስ አይደለም እንዴ?" አላላቸውም። ሁሉም ጣቱን እያየ ዝም አለ። እናቷ ከመርፌው ሸሽተው እንደነበር አሁን ገባት።

ማክሰኞ ዎፋ ኦቼሬን በሆስፒታሉ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር አገኘቻቸው። ጋውኗን ሳታወልቅ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ዎፋ፣ ማሜ አልወለደችኝም።"

"ይህ ነጭ ልብስ ራስሽን አሞቀው መሰለኝ" አሉ።

"ሦስት ጊዜ መረመርኩት።"

"አራተኛ እንዳትመረምሪ። እኔ በግ የለኝም። ያለችኝ ፍየል ናት፣ እሷም አንካሳ።"

"እኔ እከፍላለሁ። ይንገሩኝ።"

ግቢውን ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሐሙስ ስለሆነ እርሻ የሄደ የለም፤ ሁሉም ቤት ነበር። ፎፊዬ በበሩ ስትገባ ያላየ የለም" አሉ።

"ምን ይዛ?"

"እዚህ ጋ አፌ ያበቃል።"

"ታዲያ ሁላችሁም ታውቁ ነበር?"

"ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ውሻውም ያውቅ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ጮኾብሽ አያውቅም።" ይህን ሲሉ ሊያጽናኗት ነበር። ቲዋ ግን አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር፤ ያጠቧትን፣ የዳሯትን፣ ልጆቿን ያቀፉትን፣ አሰልፋ ጣታቸውን የወጋቻቸውን። ደማቸውን ስትነግራቸው የሷን እያወቁ ነው የሳቁት።

"ታዲያ የማሜን እህት ልጅ አፍሪዬን ለምን ወንበሩ ላይ አታስቀምጧትም? እሷ እውነተኛ ደም ናት።"

"አፍሪዬ?" ዎፋ ኦቼሬ ከልባቸው ሳቁ። "ሁለት ዶሮ ማስታረቅ አትችልም። ሽማግሌዎቹ አንቺን መረጡ፤ እያወቁ መረጡ። ከጠየቅሽ ግን ነገሩ ሜዳ ይወጣል። ሜዳ ከወጣ ወንበሩን ያንቺም የልጆችሽም ልናደርገው አንችልም። ዝም ካልሽ የቤቱ ነሽ።"

ተነሣች። ወንበሩን አይደለም የፈለገችው፤ ካሳደገቻት ሴት አፍ አንድ ቃል ነው። ያ ሾፌር ትዝ አላት፤ ያሙን ተሸክሞ ሲስቅ። አውቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይላት ነበር?

ረቡዕ ማታ ማሜ ፎፊዬ ቀና ብለው ሾርባ ጠጡ። ቀለማቸው ተመልሷል። ቲዋ ትራሱን እያስተካከለች ሳለ፣ "የመረመረኝ ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

ማንኪያው ሳህኑ ላይ ቆመ። "አየሽው?"

"አየሁት።"

አሮጊቷ ሳህኑን ገፋ አደረጉ። "እንግዲህ፣ ደም ደም ነው" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቲዋ አፏን ስትከፍት ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገባች። ነገ ጠዋት፣ አለች በልቧ፤ ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት ብቻችንን ስንሆን።

ጠዋት ስትደርስ አልጋው ተነጥፎ ነበር። "ራሳቸው ፈርመው ወጡ" አለች ነርሷ። "ሐኪሙ እስከ ዓርብ ቆዩ ቢላቸው 'ልጄ ሳትመጣ ልሂድ፣ ታስቸግረኛለች' አሉ።"

ቲዋ የደም ሰጪ ካርዷን በእጇ እንደያዘች ወደ በሩ ሮጠች። ታክሲው ሞተሩን አስነሥቷል። አፍሪዬ ከፊት ተቀምጣ ከሾፌሩ ጋር በዋጋ ትጨቃጨቃለች። ማሜ ፎፊዬ ከኋላ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ ፊት ለፊት ያያሉ። ቲዋ መስኮቱን ስትይዝ ወደ እሷ ዞሩ፤ እጃቸውን አውጥተው የጋውኗን ኮሌታ፣ ተማሪ ሳለች ያደርጉት እንደነበረው፣ ቀጥ አደረጉላት። 

"እሁድ ነጭ ልበሺ" አሉ። "በጊዜ ነይ። ወንበሩ ላይ የማስቀምጥሽ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ቀድሞ ማንም አይነካውም።"

"ማሜ፣ አንድ ነገር—"

"ንዳ" አሉ ሾፌሩን፤ ታክሲው ሄደ።